ለሌላ ሰው መተንፈስ

ራሱን የሳተ ሰው በጀርባው ሲንጋለል የመንጋጋው ጡንቻ ይላላል፤ ምላሱም ወደ ኋላ ወርዶ ጉሮሮውን ይዘጋዋል። ሳንባው ጤነኛ፣ ልቡም ገና እየመታ ሊሆን ይችላል፤ አየር ግን መግቢያ አጥቷል። ኦክስጅን የተቋረጠበት አንጎል ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። መኪና የገጨውም፣ የከሰል ጭስ ያፈነውም፣ ውኃ የወሰደውም፣ መድኃኒት በዝቶበት የወደቀውም ሰው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሕይወቱን ሊያጣ የሚችለው በዚሁ በአየር እጦት ነው። ግንባሩን ወደ ኋላ ዘንበል፣ አገጩን ወደ ላይ ቀና ማድረግ ለብዙዎቹ መንገዱን ይከፍትላቸዋል።

የሰው ልጅ ይህን ለማወቅ፣ ካወቀውም በኋላ አጥብቆ ለመያዝ፣ እጅግ ረጅም ዘመን ፈጅቶበታል። ዛሬ በአምቡላንስ የሚሠሩ ፓራሜዲኮች የሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች ብዙዎቹ አንድ ጊዜ ተገኝተው የተጣሉ፣ ከዚያም ከትውልዶች በኋላ እንደገና የተነሡ ናቸው። ታሪኩን ስከታተል ጎልቶ የሚታየኝ አንድ ነገር አለ። እውቀቱ በአንድም በሌላም መልኩ በየዘመኑ ነበረ፤ የጎደለው ከታማሚው አጠገብ ለሚገኘው ሰው ያን እውቀት አስተምሮ፣ አምኖ በእጁ ማስረከብ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነቢዩ ኤልሳዕ በሱነማዊቷ ሴት ልጅ ላይ ተጋድሞ አፉን በአፉ ላይ እንዳደረገ፣ ብላቴናውም አስነጥሶ ዓይኑን እንደከፈተ በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈውን የማያውቅ የአገራችን አንባቢ ጥቂት ነው። የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎችም ሁልጊዜ ከዚህ ይነሣሉ። ተአምር በመሆኑ እንደ ሕክምና ዘገባ ልናነበው አንችልም። ያም ሆኖ አፍን በአፍ ላይ አድርጎ ትንፋሽ መስጠት በአዋላጆች ዘንድ ከጥንት ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ሳይተነፍስ ለተወለደ ሕፃን እፍ ማለትን ሴቶች ከእናታቸውና ከአክስታቸው ይማሩት ነበር እንጂ ከሐኪም መጽሐፍ አላገኙትም። ሐኪሞቹም ለረጅም ጊዜ የአዋላጅ ሥራ ነው ብለው ዝቅ አድርገው አዩት።

መጽሐፎቹ ውስጥ የገባው ሌላ መንገድ ነው። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢብን ሲና «አል ቃኑን» በተባለው ታላቅ ሥራው፣ አየር ላጠረው ሰው ከወርቅ ወይም ከብር የተሠራ ቱቦ በጉሮሮ ማስገባትን ጠቅሷል። በ1543 አንድሪያስ ቬሳሊየስ የሰውን አካል አወቃቀር የገለጸበትን መጽሐፍ ሲያሳትም፣ ደረቱ በተከፈተ እንስሳ የአየር ቧንቧ ውስጥ የሸምበቆ ቱቦ አስገብቶ እፍ ሲልበት ሳንባው እንደሚነሣ፣ እየደከመ የነበረው ልብም እንደሚበረታ ጻፈ። በ1667 ሮበርት ሁክ ለንደን ውስጥ በሮያል ሶሳይቲ አባላት ፊት አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። የውሻን ሳንባ በብዙ ቦታ በስቶ አየር በወናፍ ሳያቋርጥ እንዲያልፍበት አደረገ፤ ሳንባው ሳይነሣና ሳይወድቅ ውሻው በሕይወት ቆየ። በሕይወት የሚያቆየው የደረት መነሣትና መውደቅ ሳይሆን ወደ ሳንባው የሚደርሰው ንጹሕ አየር መሆኑ በዚያ ቀን ታየ። ሙከራው ለእንስሳው ጭካኔ የተሞላበት እንደነበር ሁክ ራሱም ተሰምቶት ነበር።

እውቀቱ ከላቦራቶሪ ወደ መንገድ የወጣው ግን በአንድ የስኮትላንድ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ማውጫ ነው። በ1732 አሎዋ በምትባል ከተማ በጭስ የታፈነ አንድ ሠራተኛ ከጉድጓድ ሲወጣ አይተነፍስም፤ የደም ሥሩም አይመታም ነበር። ዊሊያም ቶሳክ የተባለ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ አፉን በሰውየው አፍ ላይ ገጥሞ እፍ አለበት። መጀመሪያ አየሩ በአፍንጫው ሾልኮ ወጣ። ቶሳክ አፍንጫውን በእጁ ይዞ እንደገና በኃይል ሲነፋ ደረቱ ተነሣ፤ ወዲያውም የልብ ምት ተሰማው። ሰውየው ከሰዓታት በኋላ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ፤ በቀናት ውስጥም ወደ ሥራው ተመለሰ። ዛሬ በየሥልጠናው የሚሰጡት ሁለት ትእዛዞች፣ አፍንጫውን ያዝ፣ ደረቱ ሲነሣ እይ፣ በዚህ ዘገባ ውስጥ ተሟልተው ይገኛሉ። ዘገባው የታተመው በ1744 ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን ተስፋ የሚሰጥ ነበር። አምስተርዳም ቦዮቿ ብዙ ሰው ይወስዱባት ነበርና በ1767 የሰጠሙ ሰዎችን የሚያድን ማኅበር ተቋቋመባት። ለንደንም በ1774 በሁለቱ ሐኪሞች በዊሊያም ሆውስና በቶማስ ኮጋን አማካይነት ተከተለች። እነዚህ ማኅበራት በወንዝ ዳር ላሉ ተራ ሰዎች መመሪያ አትመው አደሉ፤ ላዳነ ሰው ሽልማት ሰጡ። በእኔ ግምት የአሁኑ የአምቡላንስ አገልግሎት እውነተኛ አባቶች እነሱ ናቸው፤ ሐኪም እስኪመጣ የሚጠበቅበት ጊዜ እንደሌለ መጀመሪያ የተረዱት እነሱ ናቸውና። ከትክክለኛው ጎን ለጎን የማይረባውንም አስተምረዋል። የትምባሆ ጭስ በወናፍ በፊንጢጣ ማስገባት በዚያ ዘመን የተከበረ ሕክምና ነበር፤ መሣሪያውም በቴምዝ ወንዝ ዳርቻ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ ነበር። ቤንጃሚን ብሮዲ ትምባሆ ለልብ መርዝ መሆኑን በ1811 በእንስሳት ላይ ካሳየ በኋላ ቀስ በቀስ ቀረ።

ትክክለኛው ዘዴ የጠፋው በሚያሳዝን መንገድ ነው። በ1770ዎቹ ኦክስጅን ሲገኝ፣ ከአፍ የሚወጣ ትንፋሽ የተቃጠለ አየር እንደሆነና ለሌላ ሰው እንደማይበጅ ብዙዎች ደመደሙ። ሌላ ሰው አፍ ላይ አፍን ማድረግም የሚያስጸይፍ ሆኖ ታየ። ጆን ሃንተር በ1776 ድርብ ወናፍ አቀረበ፤ ማኅበራቱም ወናፉን መረጡ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ደግሞ ፈረንሳዊው ሌሮይ ዴትዮል ወናፍ በኃይል ሲነፋ የእንስሳትን ሳንባ ቀድዶ እንደሚገድል አሳየ። ግኝቱ እውነት ነበር። ቀስ ብሎ መንፋት ቢመከር ኖሮ ጉዳዩ በተቋጨ ነበር፤ የሆነው ግን አየር ወደ ሳንባ ማስገባት ራሱ ተጥሎ መቅረቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል ዓለም ደረትና ክንድ ሲገፋና ሲጎትት ኖረ። ማርሻል ሆል በ1856 ታማሚውን በሆዱና በጎኑ ማገላበጥን፣ ሄንሪ ሲልቬስተር በ1858 በጀርባ አስተኝቶ ክንድን ማንሣትን፣ ኤድዋርድ ሼፈር በ1903 በሆድ አስተኝቶ ጀርባን መጫንን አስተማሩ፤ በ1932 የዴንማርኩ ሆልገር ኒልሰን የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አዋሐደ። ከሁሉም ሆል ላይ ትንሽ ልቆይ። በጀርባ የተኛን ሰው ጉሮሮ የሚዘጋው ምላስ መሆኑን አጥርቶ ያየ ሰው ነበር፤ ችግሩን አንገት በማቅናት መፍታት እንደሚቻል ግን አላሰበም። ሲልቬስተር ደግሞ በጀርባ ሲያስተኛ ያንኑ የምላስ ችግር መልሶ አመጣው። ቀይ መስቀሎች፣ ወታደሮችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች እነዚህን ዘዴዎች እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ድረስ በትጋት ተለማመዱ። ጉሮሮው በተዘጋ ሰው ደረት ላይ ስንት እጅ በከንቱ እንደደከመ ማሰብ ይከብዳል።

በዚያው ዘመን በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሌላ ጥበብ እያደገ ነበር። ዲፍቴሪያ የሕፃናትን ጉሮሮ እየዘጋ ሲፈጃቸው ፈረንሳዮቹ ብሬቶኖና ትሩሶ አንገትን ቀድዶ ቱቦ ማስገባትን አስፋፉ። ዊሊያም ማኬወን በ1878 ግላስጎው ውስጥ የምላሱ ሥር በካንሰር የተያዘ ሰው ሲያክም፣ ቢላ ሳያነሣ በጣቱ እየዳሰሰ ቱቦውን በአፍ በኩል ወደ አየር ቧንቧ አስገባ፤ አስቀድሞም በሬሳ ላይ ተለማምዶ ነበር። ጆሴፍ ኦድዋየር በ1885 ኒው ዮርክ ውስጥ ለተጣሉ ሕፃናት በተቋቋመ ሆስፒታል ለዲፍቴሪያ የሚሆኑ ትንንሽ ቱቦዎችን አበጀ። በ1895 በርሊን ውስጥ አልፍሬድ ኪርሽታይን የድምፅ አውታሮችን በቀጥታ በዓይን የሚያሳይ መሣሪያ (ላሪንጎስኮፕ) ሠራ። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ፊታቸው በጥይትና በፍንጣሪ የፈረሰ ወታደሮች ሲታከሙ ሰመመን በጭምብል መስጠት አልተቻለም፤ ኢቫን ማጊልና ስታንሊ ሮውቦተም ዛሬ ለምንጠቀምበት ቱቦ መሠረት የሆነውን የጎማ ቱቦ አሠራር ያዳበሩት በዚያ ነው። ጠማማውን የላሪንጎስኮፕ ምላጭ ሮበርት ማኪንቶሽ በ1943 ኦክስፎርድ ውስጥ አወጣው። አሁንም በብዙ አምቡላንሶች ቦርሳ ውስጥ ያለው እሱ ነው። ይህ ሁሉ ጥበብ ግን ለአሥርተ ዓመታት ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ በር አልወጣም።

በሩን የከፈተው ፖሊዮ ነው። ፖሊዮ የመተንፈሻ ጡንቻዎችን ሲያሽመደምድ የሚያገለግለው መሣሪያ ፊሊፕ ድሪንከርና ሉዊስ ሾው በ1928 ቦስተን ውስጥ የሠሩት «የብረት ሳንባ» ነበር። ታማሚው ከአንገቱ በታች በብረት በርሜል ውስጥ ይገባል፤ በርሜሉ ውስጥ ያለው ግፊት ሲቀንስ ደረቱ ይሰፋል፣ አየርም ይገባል። ብዙ ሕይወት ያተረፈ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ውድ ነው፣ ግዙፍ ነው፣ መዋጥ ያቃተውን ሰው ምራቁ ወደ ሳንባው እንዳይወርድ አይከላከልለትም።

በ1952 በጋ ኮፐንሃገንን የመታው ወረርሽኝ እስከዚያ ያልታየ ዓይነት ነበር። የብሌግዳም ሆስፒታል የነበረው አንድ የብረት ሳንባና ደረት ላይ የሚታሰሩ ስድስት መሣሪያዎች ብቻ ነው። ትንፋሻቸው ከተያዘባቸው የመጀመሪያዎቹ 31 ታማሚዎች 27ቱ ሞቱ። የክፍሉ ኃላፊ ላሰን ሲጨንቀው ቢዮርን ኢብሰን የተባለውን የሰመመን ሐኪም አማከረ። በደማቸው ውስጥ የታየውን ከፍተኛ የባይካርቦኔት መጠን ሌሎቹ ምክንያቱ ያልታወቀ ሌላ ሕመም አድርገው ሲያዩት፣ ኢብሰን ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማውጣት ያቃተው ሰው ምልክት መሆኑን ተረዳ። ልጆቹ በመታፈን እየሞቱ ነበር።

ኦገስት 27 ቀን አንዲት የ12 ዓመት ልጅ እየሞተች ሳለ ኢብሰን አንገቷ ተቀድዶ ቱቦ እንዲገባ አደረገ፤ የጎማ ከረጢትም ገጥሞ በእጁ ይነፋላት ጀመር። ልጅቷ ተወራጨች፣ ሳንባዋም አልቀበል አለ። ለማየት የመጡት ሐኪሞች ተስፋ ቆርጠው ከክፍሉ መውጣት ጀመሩ። ኢብሰን የሚያስተኛ መድኃኒት ሰጣት፤ ሰውነቷ ሲላላ አየሩ ገባ፤ ቆዳዋ ደረቀ፣ ቀለሟም ተመለሰ። ከዚያ ቀን በኋላ ጥያቄው ሐሳቡ ይሠራል ወይ የሚለው መሆኑ ቀረና፣ ከረጢቱን ቀንና ሌሊት የሚጨምቀው ማን ነው ወደሚለው ተለወጠ። መልሱ የሕክምና ተማሪዎች ሆኑ። 1,500 ያህል ተማሪዎች በፈረቃ እየተተካኩ፣ በአልጋው ራስጌ ተቀምጠው፣ ለሰዓታት ከረጢት ጨመቁ። አንዳንድ ጊዜ 70 ሰዎች በአንድ ጊዜ በእጅ ይተነፈስላቸው ነበር። ከታማሚዎቹ ጋር በዓይን ይግባቡ ነበር፤ ልጆቹም አየሩ ሲያንሳቸው በፊታቸው ይነግሯቸው ነበር። ሲሞቱባቸው ደግሞ በእጃቸው እያለ ይሞቱባቸዋል። የሟቾች ቁጥር ከመቶ ዘጠና ገደማ ወደ ሃያ አምስት ገደማ ወረደ። የጽኑ ሕሙማን ክፍል የተባለው ነገር የተወለደው ከዚህ ነው።

በዓለም የሕክምና ታሪክ ውስጥ ይህን የሚያህል ክስተት ጥቂት ይመስለኛል። አዲስ መድኃኒት አልተገኘም፣ አዲስ መሣሪያም አልተሠራም። የተለወጠው ሰው ብቻ ነበር፤ ልምድ የሌላቸው ወጣቶች ለጥቂት ጊዜ ተምረው የሌላ ሰው ሳንባ እንዲሆኑ ታመኑ።

ከዚያችው አገር ሌላ ነገር ወጣ። በ1954 ዴንማርክ ውስጥ የጭነት መኪና አሽከርካሪዎች ሥራ ሲያቆሙ የኦክስጅን ሲሊንደር እጥረት አሠጋ፤ ያኔ የነበረው ከረጢት ደግሞ ያለ ጋዝ ግፊት አይሞላም። ሄኒንግ ሩበን የተባለ የሰመመን ሐኪም ከመሐንዲሱ ሆልገር ሄሰ ጋር ሆኖ፣ ሲጨመቅ የሚያስወጣ፣ ሲለቀቅ በራሱ ከአካባቢው አየር የሚሞላ ከረጢት ሠራ። በ1956 ገበያ ላይ የዋለው ይህ «አምቡ ባግ» መብራትም ሲሊንደርም አይፈልግም። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ሆነ የገጠር ጤና ጣቢያ ውስጥ ያለ ነርስ «አምቡ አምጡ» ሲል የሚጠራው የዚያን ከረጢት የንግድ ስም ነው።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ጄምስ ኢላም በፖሊዮ ክፍል ውስጥ ሲሠራ በደመ ነፍስ በአፉ ትንፋሽ ሰጥቶ ሕፃን አትርፎ ነበር። ቀጥሎ ተራውን ጥያቄ ጠየቀ፤ የተነፈሰ አየር ይበቃል ወይ? ይበቃል። ወደ ውስጥ ከምንስበው አየር ውስጥ ኦክስጅኑ ከመቶ 21 ሲሆን ስናስወጣው ከመቶ 16 ወይም 17 ይቀረዋል፤ ይህም አንድን ሰው በሕይወት ለማቆየት በቂ ነው። ኢላም በ1956 ከቪየና የመጣውን ፒተር ሳፋርን አገኘው፤ ሳፋርም ባልቲሞር ውስጥ ዛሬ ቢሆን ማንም የማይፈቅደውን ሙከራ አደረገ። ፈቃደኛ ሐኪሞች፣ ነርሶችና ተማሪዎች ሰመመንና ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ወስደው ትንፋሻቸው እንዲቆም ሆነ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞችና ስካውት ወጣቶች ደግሞ በአፋቸው ተነፈሱላቸው። የሼፈርና የኒልሰን ዘዴዎች ብዙውን ጊዜ በቂ አየር አላስገቡም፤ አንገትን አቅንቶ በአፍ መንፋት ግን አስገባ። የመቶ ዓመት ልማድ በጥቂት ወራት ወደቀ። አስሙንድ ሌርዳል የተባለው የኖርዌይ አሻንጉሊት ሠሪ በ1960 የማሠልጠኛ አሻንጉሊቷን ሲሠራ የአንገቷ መታጠፊያ የሳፋርን ትምህርት የተከተለ ነበር፤ አንገቷ ካልቀና አየር አይገባም።

ሳፋርን ከዚህም በላይ የማከብረው ቀጥሎ ላደረገው ነው። በ1966 ልጁን በአስም አጣ። ፒትስበርግ ውስጥ በዚያን ጊዜ ታማሚን የሚያነሣው ፖሊስ ወይም የሬሳ መኪና ነበር፤ ከኋላ የሚቀመጥ የሕክምና ሰው አልነበረም። በ1967 ሳፋር ፍሪደም ሃውስ ከተባለ ድርጅት ጋር ሆኖ ሂል ዲስትሪክት ከሚባለው የጥቁሮች ሠፈር ሥራ ያጡ ሰዎችን መለመለ። አንዳንዶቹ ሁለተኛ ደረጃን ያልጨረሱ፣ አንዳንዶቹ ከቬትናም የተመለሱ ነበሩ። 300 ሰዓት ያህል ሠለጠኑ፤ በሬሳ ክፍልና በቀዶ ሕክምና ክፍል ተለማመዱ። አየር መክፈት፣ መምጠጫ መጠቀም፣ በከረጢት መተንፈስ፣ በኋላም ቱቦ ማስገባትን ተማሩ። ከሠልጣኞቹ አንዱ የነበረው ጆን ሙን ከሆስፒታል ውጭ ቱቦ በማስገባት ከመጀመሪያዎቹ ፓራሜዲኮች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። ወጣቷ ሐኪም ናንሲ ካሮላይን በ1970ዎቹ አጋማሽ የሕክምና ኃላፊያቸው ሆነች፤ ከእነሱ ጋር በአምቡላንስ እየተጓዘች ያዘጋጀችው ሥርዓተ ትምህርት ለመላው አሜሪካ የፓራሜዲክ ሥልጠና መሠረት ሆነ። ካሮላይን በኋላ የእስራኤሉ ማገን ዳዊድ አዶም የሕክምና ኃላፊ ሆና አገልግላለች፤ ናይሮቢ ላይም ከበራሪ ሐኪሞች ጋር ሠርታለች።

ከተማው ግን ለፍሪደም ሃውስ የሚሰጠውን ገንዘብ እየቀነሰ ሄደና በ1975 ዘጋው። በምትኩ የተቋቋመው የከተማ አገልግሎት በአብዛኛው ነጮችን ያቀፈ ነበር፤ ነባሮቹ ብዙዎቹ ከፊት መስመር ተገፉ ወይም ለቀቁ። ያስተማሩትን ሙያ ተነጠቁ። ይህ ለረጅም ጊዜ በታሪክ መጻሕፍት ያልተነገረ በደል ነው።

ከ1970ዎቹ በኋላ ቱቦ ማስገባት የፓራሜዲክ የክብር ምልክት ሆነ። ቱቦው የአየር ቧንቧን ከትውከትና ከደም ይጠብቃል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የአየር ቧንቧና የምግብ ቧንቧ የተጎራበቱ ናቸው። በጨለማ ጎዳና ላይ፣ ደም በሞላው አፍ ውስጥ፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚሠራው ሰው ወደ የትኛው እንዳስገባ እርግጠኛ መሆን ይከብደዋል። በ2001 ከኦርላንዶ የወጣ ጥናት የሙያውን ዓለም አስደነገጠ፤ በአምቡላንስ ቱቦ ገብቶላቸው ከመጡ 108 ታማሚዎች መካከል የ27ቱ ቱቦ ያለ ቦታው ነበር፤ ከእነዚህም 18ቱ በምግብ ቧንቧ ውስጥ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የሎስ አንጀለስ ጥናት ከ800 በላይ ሕፃናትን አነጻጽሮ፣ ቱቦ ማስገባት በከረጢትና በጭምብል ከመተንፈስ የተሻለ ሕይወት እንዳላተረፈ አሳይቶ ነበር።

መልሱ ከሁለት አቅጣጫ መጣ። አንደኛው ካፕኖግራፊ ነው፤ ከሚወጣው ትንፋሽ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚለካ መሣሪያ። ከሆድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በተከታታይ አይወጣም፤ ስለዚህ የልኬቱ ማዕበል ስክሪኑ ላይ ከታየ ቱቦው በቦታው ነው፣ ጠፍጣፋ ከሆነ ይወጣል። ሌላው ለንደን ውስጥ አርቺ ብሬን በ1981 የፈጠረው፣ በጉሮሮ ላይ እንደ ትራስ የሚያርፍ ጭምብል ነው። የድምፅ አውታሮችን ማየት አይጠይቅም፤ በሰከንዶች ውስጥ ይገባል። በ2018 እንግሊዝ ውስጥ ልባቸው በቆመ ከ9,000 በላይ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት የዚህ ወገን የሆነን መሣሪያ ከቱቦ ጋር አወዳድሮ በውጤት ልዩነት አላገኘም።

ሌላው ትምህርት ስለ ልክ ነው። በ2004 ከሚልዋኪ የወጣ ጥናት እንዳሳየው በጭንቀት ላይ ያሉ አዳኞች በደቂቃ በአማካይ 30 ጊዜ ይነፉ ነበር። ደረት ውስጥ ግፊት ሲበዛ ደም ወደ ልብ መመለስ ያቅተዋል፤ ከመጠን በላይ የተነፈሰለት ሰው በዚያው ሊሞት ይችላል። ዛሬ ቱቦ ለገባለት አዋቂ በደቂቃ 10፣ እያንዳንዱም በአንድ ሰከንድ፣ ደረቱ ከፍ ማለቱ እስኪታይ ድረስ ብቻ ይሰጣል። ሌሮይ ዴትዮል በወናፍ ያየው አደጋ ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ በሌላ መልኩ በአምቡላንስ ውስጥ ተገኘ ማለት ነው።

ታኩዎ አዮያጊ በ1974 ጃፓን ውስጥ ባወጣው መርሕ የሚሠራው፣ የደም ኦክስጅንን የሚለካው የጣት ኦክሲሜትርም እንደኛ ቆዳው ለጠቆረ ሕዝብ ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል። በ2020 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ መሣሪያው በቂ ኦክስጅን አለ እያለ ደማቸው ግን የጎደለበት ታማሚዎች በጥቁሮች ዘንድ ከነጮች ሦስት እጥፍ ገደማ መሆናቸውን አሳይቷል። ቁጥሩ ጥሩ ነው ተብሎ የሚያጣጥር ሰው አይታለፍም።

ወደ አገራችን ስመጣ የቀይ መስቀል ማኅበር በ1935 በጦርነቱ ዋዜማ ተቋቁሞ አምቡላንስን ከሕዝብ ጋር አስተዋውቋል፤ 907ም ዛሬ ድረስ የሚደወልበት ቁጥር ነው። በ2008 የሰመመን ባለሙያው ክብረት አበበ ቤቱን ሸጦ ጠብታ አምቡላንስን መሠረተ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2010 የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን ጀመረ። በዚያው አሥርት መጀመሪያ መንግሥት ለወረዳዎች ያደለው አምቡላንስ በተለይ ወላድ እናቶችን ለማድረስ የታሰበ ነበር፤ ብዙ እናቶችንም ጠቅሟል። ይሁንና ከኋላ ሠልጣኝ ሳይኖር የሚሄድ አምቡላንስ ፍጥነት ይሰጣል እንጂ አየር አይሰጥም። መንገዱ ረጅም በሆነበት ወረዳ ውስጥ ታማሚው በጉዞው መካከል ራሱን ቢስት ምላሱን የሚያነሣለት ሰው ያስፈልገዋል። ለዚህ ላሪንጎስኮፕ አይጠበቅም። መምጠጫ፣ ለአዋቂም ለሕፃንም የሚሆኑ ጭምብሎች፣ አንድ አምቡ ባግ፣ ጭምብሉን በሁለት እጅ አጥብቆ መያዝ የተለማመደ ሰው፤ የበጀቱ ቅደም ተከተል ይህ ቢሆን እላለሁ።

እንዲህ ያለው ሥልጠና ፈጥኖ የተስፋፋው በወሊድ ክፍል ነው። ከ2010 ጀምሮ በብዙ አገሮች የተሰጠውና እኛም ዘንድ የገባው የጨቅላ ሕፃናት ትንፋሽ ሥልጠና፣ ማድረቅና ማነቃቃት ካልበቃ በተወለደ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በከረጢት መተንፈስ እንዲጀመር ያዛል፤ በደቂቃም 40 ጊዜ ያህል፣ ለስለስ ተደርጎ። ሥልጠናው ከተሰጠ በኋላ ያለ ልምምድ ወራት ሲያልፉ የአዋላጆቹ እጅ እንደሚረሳ ታይቷል፤ እውቀቱን ግን በፈተና ወረቀት ላይ ይመልሱታል። ስለዚህ ውኃ ተሞልታ የሕፃን ክብደት የምታወጣው አሻንጉሊት ከመጋዘን ወጥታ በማዋለጃ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ እንድትቀመጥ፣ አዋላጇም ተረኛ በሆነች ቁጥር ለጥቂት ደቂቃ ጭምብሉን ገጥማ የአሻንጉሊቷን ደረት እንድታነሣ ይመከራል።